ሃምሳ ስምንት ኪሎ የምትመዝነው ሴት

ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለፅዮን፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ከኅዳር ጀምሮ የጻፍኩልሽ እሱን ነው። ዛሬ አልጽፈውም።

ትናንት በስልክ የላክሽልኝ ደብዳቤ አንድ መስመር ነው። ሰላምታ የለው፣ ቀን የለው። «ጋሼ፣ ሃምሳ ስምንት ኪሎ የምትመዝነው የስድሳ አንድ ዓመት ሴት ማን ናት?»

እናትሽ ናት።

ከዚህ በላይ ማለስለስ አልችልበትም። «የሥራ ባልደረባዬ እህት» ብዬ የጠየቅሁሽ ሁሉ ስለ እሷ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት በቀለም ፋብሪካ ጥራት ስቆጣጠር ያለ ቁጥር ጥያቄ ጽፌ አላውቅም። ዕድሜና ክብደት ሳልጠቅስ መጠየቅ አልሆንልህ አለኝና በገዛ ቁጥሬ ተያዝኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ግራ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ናሙና ተወሰደ፤ ካንሰር ሆነ። መጀመሪያ በመድኃኒት አሳንሰው ኋላ በቀዶ ሕክምና ሊያወጡት ተወሰነ። በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥ ስምንት ዙር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አራቱ ውስጥ ያ አንቺ ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትሠሪበት ቀይ መድኃኒት አለ። ሁለት ዙር ወስዳለች። ፀጉሯ ረግፏል። እሑድ እሑድ ስትደውዪ «ኔትወርክ የለም» እያለች ካሜራውን የምታጠፋው ለዚህ ነው። ኔትወርክ አለ።

ማን ወሰነ ማለትሽ አይቀርም። «ልጄን ከትምህርቷ አታናጥብብኝ» ያለችው እሷ ናት፤ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፤ የቤታችን ደንብ ነው። አባቴ ሲሞት ለሥራ ባሕር ዳር ነበርኩ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ «ደህና ነው፣ ትንሽ ያስለዋል» ሲሉኝ ሰንብተው፣ ስመለስ ድንኳኑ ፈርሷል። ያን ጊዜ ለማንም እንዲህ አላደርግም ብዬ ምያለሁ። ይኸው አደረግሁት።

የከፋውን መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት። ሦስተኛው ዙር ጥር 13 ነበር። አልወሰደችም። ያስቀረኋት እኔ ነኝ።

ከዙሩ በፊት ዶክተር ያደሳ ልቧን በአልትራሳውንድ አየ። ልቧ በአንድ ምት የምትገፋው ደም ከመቶ ስልሳ የነበረው ሃምሳ አራት ሆኗል። «ገና ከወሰኑ በላይ ነው፣ እየተከታተልን እንቀጥላለን» አለ። በእኔ ሥራ ቁጥር ሲወርድ እንቀጥል አይባልም። የሚያጠራጥር ምርት ቢጫ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ጥርጣሬው እስኪጠራ ከመጋዘን አይወጣም። በዚያው ሳምንት ያንቺ ደብዳቤ ደረሰኝ። ያንኑ ቀይ መድኃኒት፣ ዲኤንኤን እንደ ወረቀት አጣጥፋችሁ በምትሠሩት ሳጥን ውስጥ ከታችሁ ስትሰጡት፣ ዕጢው እንደሟሸሸ፣ ልብ ግን ምንም እንዳልሆነ ገጽ ተኩል ጽፈሻል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለእናትሽም አነበብኩላት። «እንጠብቅ» አልኩ።

ዛሬ አስራ አንደኛ ቀናችን ነው። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳጥኑ መቼ ይደርሳል? ቀን ስጪኝ።

አጎትሽ መኳንንት

በድምፅ ቀድተሽ እንዳትልኪልኝ። ጻፊ።


ሙኒክ
ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

«እንደምን ነዎት» ብዬ ለመጀመር ሞክሬ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ወይም አያድርጉልኝ፣ ዛሬ ግድ የለኝም።

ቀን የለም። ሳጥኑ አይደርስም። ዘንድሮም፣ ከርሞም ለእማዬ አይደርስም።

የጻፍኩልዎት ሁሉ እውነት ነው። ያልጻፍኩት ግን ይበልጣል። ያ ምንም ያልሆነው ልብ የአይጥ ልብ ነው። አስራ ሁለት አይጦች ናቸው። ሳጥኑ ከፀጉር ውፍረት ሺህ ጊዜ ያንሳል፤ ደም ውስጥ ሲገባ ደሙ ራሱ ይበጣጥሰዋል፣ የተረፈውን ጉበት ጠርጎ ይወስደዋል። ዕጢው ዘንድ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ለአይጥ የሚበቃውን ለመሥራት እኔና ጓደኛዬ ሦስት ሳምንት ይፈጅብናል። አንድ እናት ስንት አይጥ እንደምታህል እርስዎ ያስሉት። ሰው ላይ አልሞከርነውም፤ ለመሞከር ፈቃድ እንኳን አልጠየቅንም።

ለምን ይህን አልጻፍኩልዎትም? ለሌላ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምናገረው ይህንኑ ነው። እርስዎ ግን አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ዘጠና ስድስት አምጥቼ «አራቱ የት ሄደ?» ያሉኝ ሰው ነዎት። ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ ደስ አለኝ። አንዴ እንኳን «ጎበዝ» እንዲሉኝ የሚያምር የሚያምረውን መርጬ ጻፍኩ። እማዬ ታማለች ብትሉኝ ኖሮ የመጀመሪያው መስመሬ «ከሕክምናዋ አንድ ቀን እንዳትቀር» ይሆን ነበር። እናንተ ደበቃችሁኝ፣ እኔ አሳመርኩላችሁ፤ በመሃል እሷ መድኃኒቷን አጣች።

ዶክተሩ ትክክል ናቸው። መድኃኒቱ ልብን የሚጎዳው እየተጠራቀመ ነው፤ በየዙሩ የሚለኩት ለዚህ ነው። ሃምሳ አራት የሚያስቆም ቁጥር አይደለም። ቀለም ቢያግዱት ጣሳው ውስጥ ሆኖ ይጠብቅዎታል። ዕጢ ታግዶ አይቀመጥም፣ ጋሼ።

ነገ ሰኞ ነው። ጠዋት ይዘዋት ይሂዱ። አሁን ልደውልላት ነው።

ፅዮን


ኮልፌ
ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፅዮን፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ሰኞ ለምን እንዳልሄድን፣ ማክሰኞም ለምን እንዳልሄድን ጠይቀሻል። እምቢ አለች።

እሑድ ደውለሽ የነገርሻትን አላመነችም። ስልኩን እንደዘጋች ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ፦ «ልጄን አላውቃትም? ፈተና አልፋም ወደቅሁ ነው የምትለው። ሳይደርስ አይወራም ብላ ነው።» አንቺ አይጥ ስትዪ እሷ ትሕትና ሰማች።

ጎረቤቷ ብዙነሽ ደግሞ ወሬውን ለጸሎት ቡድናቸው አድርሳለች። ጴንጤዎቹ ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስበው «ከጀርመን ለሚመጣው ሳጥን» እየጸለዩ ነው። እናትሽ ኦርቶዶክስ ናት፣ ግን አሜን ትላለች። እኔ ምን ልበል? ወሬውን ያመጣሁት እኔ።

ትናንት ገብቼ «ተነሺ፣ መኪና ቆሟል» አልኳት።

«ወዴት?»

«ሆስፒታል ነዋ!»

«እንጠብቅ ብለህ የለ?»

«አሁን መሄድ አለብን።»

«ምን ተለወጠ? መኳ ያልመረመርከውን አትናገርም። መርምረህ ነው እንጠብቅ ያልከው። እስቲ ንገረኝ፣ ምን ተለወጠ?»

«ፕሮግራሙ ተቀይሯል» አልኳት። ይህ ደግሞ አዲስ ውሸት ነው። እንደማልችልበት ታውቃለች፤ አየችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ባለመኪናውን አሰናበትኩት፤ ሲሄድ በሩን በኃይል ዘጋኸው ብዬ ጮህኩበት። ቀስ ብሎ ነበር የዘጋው።

ሁለተኛው ዙር አምስት ቀን ሙሉ አስመልሷታል። ውኃ እንኳን አልረጋላትም። እንጠብቅ ያልኳት ቀን ፊቷ ሲፈታ አይቻለሁ።

አንቺ ጻፊላት። ጠንከር አድርገሽ ጻፊላት። በማኅተም ይሁን፣ በፈለግሽው። እኔ አነብላታለሁ።

አጎትሽ መኳንንት


ሙኒክ
ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

አልጽፍላትም።

እኔ የምጽፈው ሁሉ ትሕትና ነው የሚባለው። ዶክተሩ ያሉትን መጀመሪያም ሰምታዋለች፤ ከእሳቸው ቃል ይልቅ የእርስዎን አመነች። «ምን ተለወጠ?» ብላ ስትጠይቅዎት አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፤ እሱን የሚመልሰው ደግሞ እርስዎ ነዎት። «ተሳስቻለሁ» ይበሏት። ፕሮግራም አይቀየር፣ መኪና አይቁም። ተሳስቻለሁ፣ በቃ።

ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ይህን ቃል ከአፍዎ ሰምቼው አላውቅም። እሷም የሰማች አይመስለኝም። ለዚህ ነው የምታምንዎት።

ሌላ ደግሞ። አምስት ቀን እንዳስመለሳት ለዶክተር ያደሳ ነግራችኋል? ወይስ ከእሳቸውም ደብቃችኋል? ለማስመለሱ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት አለ። ሳይነገራቸው ግን ማዘዝ አይችሉም። ለሐኪም «ደህና ነኝ» ማለት ምን የሚሉት ጨዋነት ነው?

እንቅልፍ የለኝም። ቁጣዬን ይቅር ይበሉኝ።

ፅዮን


ኮልፌ
የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፅዮን፣

እንደምን ከረምሽ? የጠየቅሽኝን በተራ እመልሳለሁ። ሦስተኛውን ዙር ትናንት ማክሰኞ ወሰደች። ሦስት ሳምንት ዘግይቷል። አዎ፣ ከሐኪሙም ደብቀን ነበር። አዎ፣ አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቤቷ አስራ ስምንት ማዞሪያ ከሚባለው ፌርማታ የአስር ደቂቃ መንገድ ነው፤ እኔ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ገብቼ አልተቀመጥኩም።

«እትዬ፣ ተሳስቻለሁ።»

«ምን አልክ?»

«ተሳስቻለሁ አልኩ።»

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ወደ ውጭ ተጣራች። «ብዙነሽ! ነይ ስሚ፣ መኳ ተሳስቻለሁ አለ!»

ብዙነሽ ልብስ እያጠበች ነበር። አረፋውን ከእጇ ሳታራግፍ ሮጣ ገባች። «ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተ። ቁጭ በይ፣ ይናገር።»

ተናገርኩ። ሳጥኑ እውነት እንደሆነ፣ ግን የተሠራው ለአይጥ እንደሆነ፣ አንቺ እንዳልዋሸሽ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አንብቤ «ይህ ሰው ላይ ተሞክሯል ወይ?» የሚለውን የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳልጠይቅ እንደቀረሁ። አንድ ተለማማጅ ሠራተኛዬ እንዲህ ቢያደርግ ከሥራ አስወጣው ነበር አልኳት።

«ቆይ» አለችኝ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ያስቀመጥከኝ በአይጥ መድኃኒት ነው?»

«የአይጥ መድኃኒት አላልኩም፤ አይጥ ላይ የተሞከረ...»

ከዚያ በኋላ ማንም አልሰማኝም። ብዙነሽ ግድግዳውን ይዛ ትስቃለች። እናትሽ ሻሿ እስኪንሸራተት ሳቀች፣ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ብዙነሽ እጇን ያዘቻት። ከአረፋው ጋር።

ረጋ ስትል ምን ብትጠይቀኝ ጥሩ ነው? «አይጧ ግን ድናለች?»

«ዕጢዋ ሟሽሿል።»

«ልቧስ?»

«ምንም አልሆነም።»

«እሰይ» አለች። «እንግዲህ ልጄ ለአንዷ ደርሳላታለች።»

ቀጥሎ የነገረችኝን እንድታውቂው እፈልጋለሁ፤ ለእኔ ከባዱ እሱ ነው። «አንተ ብቻ አይደለህም» አለችኝ። «ስለ ልቤ አልተጨነቅሁም። ያንን ማስመለስ ፈርቼ ነበር። እንጠብቅ ስትለኝ ስንት ቀን ብዬ እንኳን ያልጠየቅሁህ፣ ከጠየቅሁ ትነግረኛለህ ብዬ ነው።»

ማክሰኞ ዶክተር ያደሳ መዝገቡን ገልጦ አየኝ። «አቶ መኳንንት፣ የእኔን ታካሚ የሚያግዱት እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለኝ። መልስ ነበረኝ። ዋጥኩትና ማስመለሷን ነገርኩት። የማስመለሱን ነገር ሲሰማ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣለ፤ «አምስት ቀን! ለማን ብላችሁ ነው የቻላችሁት?» አለ። አዲስ ክኒን አዘዘ። እብጠቱን ለካ፤ ያለበት ነው፣ አላደገም። የልቧ ቁጥር አሁንም ሃምሳ አራት ነው።

ትናንት ማታ አንዴ አስመለሳት። ዛሬ ጠዋት አጥሚት ጠጥታ ተኝታለች። ይህን የምጽፈው ከአልጋዋ አጠገብ ሆኜ ነው፤ ታንኮራፋለች። ስታንኮራፋ ተናድጄ አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ ዛሬ ግን አልተናደድኩም።

አጎትሽ መኳንንት


ሙኒክ
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ፣

ደብዳቤዎን ቤተ ሙከራ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። «ከአረፋው ጋር» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፅ አውጥቼ ሳቅሁ። ጓደኛዬ መነጽሬን አወለቀችልኝ፤ እያለቀስኩ እንደነበር በዚያ አወቅሁ።

ስለ ሥራዬ ያልጻፍኩልዎትን ልጻፍልዎት። ባለፈው ሳምንት የሠራነው ሳጥን ሁሉ እርስ በርሱ ተጣብቆ ተበላሸ። ምክንያቱን አላወቅንም። ከመቶ ሳጥን በትክክል የሚታጠፈው ሰባው ነው፤ ቀሪው ጠማማ ነው። ይህን ለማንም አጎት ጽፌ አላውቅም።

ስላሉት ነገር አመሰግናለሁ። ምን እንዳስከፈለዎት አውቃለሁ።

ልጅዎ ፅዮን


ኮልፌ
ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፅዮን፣

ጤና ይስጥልኝ። «እውነቱን ንገሩኝ፣ ደህና ናት ወይ?» ብለሽ ጽፈሻል። ደህና ናት የሚለውን ቃል ስላበላሸነው ቁጥሩን እሰጥሻለሁ። ስምንተኛው ዙር ከትናንት በስቲያ አለቀ። ክብደቷ ሃምሳ አምስት። ልቧ ሃምሳ አምስት። እብጠቱ ከአምስት ሳንቲ ሜትር ወደ አንድ ተኩል ወርዷል። የጣቶቿ ጫፍ ይደነዝዛል፤ ቁልፍ መቆለፍ ያቅታታል፣ ብዙነሽ ትቆልፍላታለች፣ በዚያም ይጣላሉ። ቀዶ ሕክምናው ሰኔ 17 ነው።

ልምጣ ወይ ላልሽው፣ ድሮ ቢሆን «አትምጪ፣ ምንም የለም» እልሽ ነበር። አሁን አልልሽም። ነይም አልልሽም። ሰውነቱ የእሷ ነው፤ እሷን ጠይቂያት።

ከመቶ ሰባ ያልሽውን ደግሞ አልረሳሁትም። ሰባ! በእኛ ፋብሪካ ከመቶ ሦስት ጣሳ ከጎደለ ስብሰባ ይጠራል። ሳጥኑ እንዲታጠፍ የምትጨምሩትን ጨው የምትመዝኑበት ሚዛን መቼ እንደተመረመረ ጠይቂልኝ። ይህን የምልሽ ላሳንስሽ አይደለም። ያን ሥራ ለመሥራት ማን ደፍሮ ይጀምራል? እኔ አልጀምርም ነበር። ጎበዝ ነሽ። ሚዛኑን ግን አስመርምሪ።

አጎትሽ መኳንንት


ኮልፌ
ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፅዮን፣

እንደምን አለሽ? ይህ ደብዳቤ ዜና አይደለም፤ ዜናውን ማክሰኞ ሰምተሻል። ለምን ሁለት ቀን ዝም እንዳልኩ ስለጠየቅሽ ነው የምጽፈው።

ውጤቱን ልቀበል ብቻዬን ሄድኩ። እሷ «ዝናብ ላይ አልወጣም፣ አንተ አምጣው» አለችኝ። ዶክተር ያደሳ ወረቀቱን ሰጠኝ። አነበብኩት። ደገምኩት። ሦስተኛ ሳነበው «አቶ መኳንንት፣ ስህተት ካገኙበት ይንገሩኝ፤ ካላገኙበት እንኳን ደስ አለዎት» አለኝ። አላገኘሁም። የተቆረጠው ሥጋ ጠርዙ ዙሪያውን ንጹህ ነው። ጡቷ ውስጥ የቀረው ሦስት ሚሊ ሜትር ነበር፤ እሱም ወጥቷል። ከብብቷ ካወጧቸው አስራ ሁለት ንፍፊቶች አንዱ ላይ ትንሽ ተገኝቷል። ስለዚህ የጨረር ሕክምና አለ፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ስለ ወረፋው ሌላ ቀን እጮሃለሁ። ከዚያ አምስት ዓመት በየቀኑ አንድ ክኒን። አለቀ አልልሽም። ግን ዶክተሩ ተነስቶ ጨበጠኝ፤ ይህ ሰው ለእኔ የሚነሳበት ምክንያት እንደሌለው ታውቂያለሽ።

ጦር ኃይሎች ፌርማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ዝናቡ ይወርዳል። ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ ላለው አሳለፍኩ፤ ሁለተኛም፣ ሦስተኛም። አንዲት ሴት ጃንጥላዋን አስጠግታ «አባቴ፣ አሞዎታል እንዴ?» አለችኝ። «አላመመኝም» አልኳት። «ታዲያ ምነው አይሳፈሩም?» ስልክ ልደውል ነው አልኳት።

ስልኬን አወጣሁ። እጄ የብዙነሽን ቁጥር ፈለገ። «ቀስ ብለሽ ንገሪያት» ልላት ነበር። እኛ ቤት ጥሩ ወሬ እንኳን በሰው አፍ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚገባው። ቁጥሩን ተውኩትና እሷ ራሷ ጋ ደወልኩ።

«ምን አለ?»

«ጠርዙ ንጹህ ነው፣ እትዬ።»

የእሷ ዝናብ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል፤ የቆርቆሮው።

«ክፉውንስ?»

«ከአስራ ሁለት ንፍፊት አንዱ ላይ ትንሽ አለ። ጨረር ይኖራል።»

«ሌላስ?»

«ክኒን፣ አምስት ዓመት።»

«ያስመልሳል?»

«አያስመልስም አለ።»

«የደበቅከኝ አለ?»

«የለም።»

«በል ስልኩን ዝጋው።»

«ለምን?»

«ለልጄ ልደውልላታ! አንተ ከቀደምከኝ በሚሊ ሜትር ነው የምትነግራት። ወሬው የኔ ነው፣ እንደፈለግሁ አወራዋለሁ። ሁለት ቀን እንዳትጽፍላት!»

ስለዚህ አልጻፍኩም። በሚሊ ሜትር የጻፍኩልሽም ዛሬ ቀኑ ስላለፈ ነው።

አራተኛው ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ አምስተኛ ሰው ለአራት ሰው ወንበር ላይ ጨመረብን፤ መስኮቱ አይዘጋም፣ ዝናቡ ትከሻዬ ላይ ይገባል፤ ሾፌሩ ከማዞሪያው ፌርማታ ሁለት መቶ ሜትር አሳልፎ ጭቃ ላይ አወረደኝ። እስከ ቤቷ ድረስ የምናደድበትን ስፈልግ ሄድኩ። አላገኘሁም።

አጎትሽ መኳንንት